አንሺውን ማንሣት



ከእናንተ መካከል በብዙዎቹ ቤት፣ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ዘመን ጥግ ጥጉን ያወየበው አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ሳይኖር አይቀርም፤ ጎፈሬውን ያበጠረ፣ ዝናሩን የታጠቀ፣ ጠመንጃውን እንደ በኵር ልጁ አቅፎ የቆመ አያት ወይም ቅድመ አያት ከዚያ ክፈፍ ውስጥ ሆኖ እስከ ዛሬ ድረስ ትክ ብሎ ያየናል። ልጆች ሳለን የዚያን ሰው ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የዋለበትን የጦር ሜዳ፣ የጠመንጃውንም ዓይነት ሳይቀር፣ ምንሽር ይሁን አልቢን ይሁን ውጅግራ፣ ለይተን እንድናውቅ ተነግሮናል። ነገር ግን አያታችን ያን ያህል ትክ ብሎ ያየው የነበረው ማንን ነው? ከፊቱ ቆሞ፣ በጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ፣ ካሜራው ላይ አጎንብሶ የነበረውን ሰው ማንነት የጠየቀ የለም፤ ስላልተጠየቀም የነገረን የለም። እኔ ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት የቆምሁት ስለዚያ ስላልተጠየቀው ሰው፣ ማለት ተኳሹን ሲያነሣ ኖሮ ራሱ ሳይነሣ ስለሚቀረው ሰው ጥቂት ለመናገር ነው።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ግን የገዛ ቋንቋችንን ልጠይቅ። እንግሊዞች ጥይት ለመተኮስና ፎቶግራፍ ለማንሣት በአንድ ግስ ይገለገላሉ፤ እንዲያውም ፈጥኖ ስለሚነሣ ፎቶግራፍ የሚናገሩበት ስም አስቀድሞ የአዳኞች ስም ነበረ፤ አዳኙ ሳያነጣጥር በድንገት የሚለቀውን ተኩስ ይጠራበት የነበረውን ይህን ቃል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. ወደ ፎቶግራፍ ያሻገረው የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆን ሄርሼል ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ።) የእኛ ሰዎች ግን ይህ መሣሪያ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ «ተኮሰ» አላሉም፤ «አነሣ» አሉ። ማንሣት ደግሞ በአማርኛ ትልቅ ቃል ነው። የወደቀ ይነሣል። ሕፃን ከመጠመቂያው ውሃ ሲወጣ በእጁ የሚቀበለው ሰው «ክርስትና አነሣ» ይባላል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም የመንፈስ አባት ነው። የሞተ ሰው ስሙ በበጎ ሲጠራ «ተነሣ» እንላለን፤ ትንሣኤ የሚለው ቅዱስ ቃል ራሱ ከዚሁ ሥር የበቀለ ቅርንጫፍ ነው። እንግዲህ ቋንቋችን በዚህ በአንድ ግስ ውስጥ ያኖረውን ምሥጢር ስንመለከት፣ ፎቶግራፍ አንሺ ማለት ከሚፈሰው የጊዜ ውሃ ውስጥ ሰውን በሁለት እጁ የሚቀበል፣ እንደ ክርስትና አባት ያለ ሰው መሆኑን እንረዳለን።

ስለ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሁሉ ልናገር ብነሣ ጊዜው አይበቃኝም፤ ስለዚህም አንዱን ወገን ብቻ፣ ከሁሉ ይልቅ ሥራው ከባድ ሆኖ ሳለ ከሁሉ ይልቅ የተረሳውን፣ የኢላማ ተኩስ ውድድር ፎቶግራፍ አንሺን መርጫለሁ።

የኢላማ ተኩስ ለተመልካች ዓይን የማይመች ስፖርት ነው። በእግር ኳስ ሜዳ ኳሱ ይታያል፤ በሩጫ የሯጩ ላብ፣ በቡጢ የተጋጣሚው ደም ይታያል። በተኩስ ሜዳ ግን ሰውየው ይቆማል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ከመላ አካላቱ የአንዲት ጣቱ ጫፍ ብቻ ለዓይን በማይታወቅ መጠን ወደ ኋላ ትሳባለች፤ ጥይቱ ሲሄድ አይታይም፤ የመታውም ነገር ሩቅ ነው። በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር ሙሉ አሥር የሚያሰጠው የመካከሉ ነጥብ ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የምትተኮሰው እርሳስ ግን 4.5 ሚሊ ሜትር ትሰፋለች፤ ተኳሹ የሚፈልገው ነጥብ ከራሷ ከጥይቱ ዘጠኝ እጅ ያነሰ ነው ማለት ነው። ይህ ሁሉ ድካም፣ ይህ ሁሉ ጾም የሚመስል ተግሣጽ፣ በመጨረሻ የሚተወው ምልክት በወረቀት ላይ ያለች አንዲት ቀዳዳ ናት፤ ዛሬማ ወረቀቱም ቀርቶ በብዙ ሜዳ ያለው በኤሌክትሪክ የሚቈጥር ኢላማ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን፣ በዚያች ቅጽበት የተኳሹን ፊት ከቶ የማያየው ሰው ተኳሹ ራሱ መሆኑ ነው። ዓይኑ በመሣሪያው ማነጣጠሪያ ላይ ነው፤ ልቡም እዚያው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የተኮሰ ሰው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በሕይወቱ ውስጥ እጅግ የተሰበሰበበትን፣ እጅግ ራሱን የሆነበትን ሰዓት ፊቱን ሳያይ ይኖራል። ያን ፊት የሚመልስለት ፎቶግራፍ አንሺው ነው። በሽጉጥ ሩጫ ውድድሮች፣ ተወዳዳሪው እየሮጠ ከአንዱ ኢላማ ወደ ሌላው በሚተኩስበት ሜዳ፣ ይህ ሰው ጆሮውንና ዓይኑን በመከላከያ ሸፍኖ፣ ከደኅንነት ዳኛው ኋላ ኋላ እየተከተለ፣ በጠራራ ፀሐይና በአቧራ ውስጥ ይውላል። የትኛው ተኳሽ ግራ ዓይኑን እንደሚጨፍን፣ የትኛው ሁለቱንም ከፍቶ እንደሚያነጣጥር፣ የትኛው ከመተኮሱ በፊት ከንፈሩን እንደሚነክስ ከብዙ ልምድ የተነሣ ያውቃል፤ ከመሣሪያው የተፈናጠረው ቀለህ በአየር ላይ ከፍ ብሎ ወርቅ መስሎ የሚያበራባትን ጊዜ ጠብቆ ያነሣል። ማታ ሁሉም ውጤቱን ቈጥሮ ሲበተን፣ አሸናፊው ዋንጫውን ይዞ ይሄዳል፤ አርባኛ የወጣው ግን ከፎቶግራፉ በቀር ይዞት የሚሄድ ነገር የለውም። ይህን የተናገርሁት ለማጋነን አይደለም። እንደዚህ ያለ ሰው ሲሞት ተኳሾች እንደ ዘመድ የሚያለቅሱለት፣ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ፊት የሰጣቸው እርሱ ስለሆነ ነው።

በእንግሊዝ አገር ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ ቢስሊ የሚባል ስመ ጥር የተኩስ ሜዳ አለ። በዚያ የሚደረገው ታላቅ ውድድር መሠረቱ የተጣለው በ1860 ዓ.ም. በዊምብልደን ሲሆን፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በእንጨት መደገፊያ ላይ የታሰረውን የዊትዎርዝ ጠመንጃ በሐር ገመድ ስበው የመጀመሪያውን ተኩስ ከፈቱ፤ በ1890 ዓ.ም. ውድድሩ ወደ ቢስሊ ተዛወረ። የዚህን ሜዳ ልማድ ስሰማ ልቤ የሚነካበት ምክንያት አለኝ፤ የንጉሡን ሽልማት ያሸነፈውን ሰው ባልንጀሮቹ በወንበር አስቀምጠው፣ በትከሻቸው ተሸክመው፣ በሙዚቃ ጓድ ታጅበው ከሜዳው ያወጡታል። በ1930 ዓ.ም. ይህን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ሴት፣ ማርጆሪ ፎስተር፣ ወንዶቹን ሁሉ አሸንፋ ወሰደችው፤ እርሷንም እንደ ልማዱ በወንበር ተሸከሟት። እንግዲህ ይህች ሴት በአማርኛችን በዚያች ቀን ሁለት ጊዜ ተነሥታለች፤ አንድ ጊዜ በሰዎች ትከሻ፣ አንድ ጊዜ በካሜራ። የትከሻው መነሣት ከሜዳው በር እስኪወጡ ድረስ የቆየ ነው፤ የካሜራው መነሣት ግን ይኸውና ከዘጠና ዓመት በኋላም አላበቃም።

ከቅርብ ጊዜ ደግሞ አንድ ምሳሌ ላምጣ። በ2024 ዓ.ም. የፓሪስ ኦሎምፒክ የተኩስ ውድድር ከፓሪስ ርቃ በምትገኘው በሻቶሩ ከተማ ሲደረግ፣ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች፣ የ51 ዓመት ጎልማሳ፣ ከጓደኛው ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ የብር ሜዳሊያ አገኘ። ወርቁን የወሰዱት ሰርቦች ነበሩ፤ ነገር ግን ዓለም የወርቁን ባለቤቶች ስም ሳይይዝ ያን ተራ መነጽር ያደረገ፣ ጆሮው ላይ ትናንሽ መሰኪያ ብቻ የሰካ፣ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ የከተተ ሰው በአንድ ቀን አወቀው። ብዙ ሰው ያን ሥዕል አይቶ «እንዴት ያለ ቸልተኛ ነው» ብሎ ተደነቀ። ሥራውን የሚያውቅ ግን እጅን ኪስ ውስጥ መክተት ቸልታ ሳይሆን ሰውነት እንዳይወዛወዝ የሚደረግ ጥንቃቄ መሆኑን ያውቃል። ፎቶግራፍ አንሺው የያዘው ከዓመታት ልምምድ የተወለደውን ዕረፍት ነው፤ ዕረፍት ደግሞ ከሩቅ ሲታይ ቸልታ ይመስላል። ዓመታት ሙሉ ሰው ዞር ብሎ ሳያየው የኖረ ስፖርት በአንዲት ሥዕል ምክንያት በየመንደሩ መነጋገሪያ ሲሆን፣ ሥዕሏን ያነሣውን ሰው ስም የጠየቀ ግን ስንት ነው?

የዚህ ሙያ ሌላው ፈተና የተሸናፊ ፊት ነው። በ2004 ዓ.ም. በአቴና ኦሎምፒክ አሜሪካዊው ማቲው ኤመንስ በ50 ሜትር የሦስት አቋቋም ውድድር ሌሎቹን በሦስት ነጥብ እየመራ የመጨረሻይቱን ጥይት ተኮሰ፤ ደኅና አድርጎም መታ፤ የመታው ግን የጎረቤቱን ኢላማ ነበረ። ውጤቱ ዜሮ ሆነና ከአንደኛ ወደ ስምንተኛ ወረደ። በዚያን ሰዓት በስተጎኑ የቆሙት ፎቶግራፍ አንሺዎች ምን ማድረግ ይገባቸው ነበር? ካሜራቸውን ዝቅ ሊያደርጉ? እኔ እንደሚመስለኝ ማንሣት ይገባቸዋል፤ ነገር ግን ከምሕረት ጋር፤ የሰውየውን ውርደት ሳይሆን መቆሙን ፈልገው። መቆሙም እውነት ነበረ፤ በዚያው ምሽት ልታጽናናው የመጣችው የቼክ ተኳሽ ካተርዢና ኩርኮቫ ከሦስት ዓመት በኋላ ሚስቱ ሆነች። የእኛው ሻምበል አበበ ቢቂላስ? በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሲሮጥ የተነሣውን ሥዕል የማያውቅ የለም፤ በ1969 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ ግን፣ በማግሥቱ ዓመት በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ኢላማ መምታቱን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ለእኔ የበለጠ የከበረው ይህኛው አበበ ነው።

አሁን ወደ አንድ ነገር ልመልሳችሁ፤ በዓለም አቀፍ የተኩስ ውድድር ላይ ፎቶግራፍ አንሺ ብልጭታ እንዳያበራ ተከልክሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ድንገት የሚያበራ መብራት የተኳሹን ዓይን ያደናግራል። ስለዚህም የዛሬው የተኩስ ሜዳ ፎቶግራፍ አንሺ በሜዳው ባለው ብርሃን ብቻ ይሠራል። ይህን ክልከላ ባሰብሁ ቍጥር በሐሳቤ የሚመጣው ሰው አንድ ነው፤ ብልጭታን ለጥይት የሰጠ፣ ጥይትን በአየር ላይ አቁሞ ለሰው ልጅ ዓይን ያሳየ፣ በዚህ ሥራውም ሆነ በጠባዩ እስከ ዕለተ ሞቱ የተወደደ ሰው። ስለ እርሱ ከመናገሬ በፊት ግን፣ በአገራችን ልማድ ሰው ከመነሣቱ በፊት አባቶቹ ይቈጠራሉና፣ የዘር ሐረጉን በአጭሩ ልቍጠር።

ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፒየር ጃንሰን በ1874 ዓ.ም. ቬነስ የተባለችው ፕላኔት በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማንሣት ወደ ጃፓን ሲሄድ ይዞት የሄደው መሣሪያ አሠራሩ ከተሽከርካሪ ሽጉጥ የተቀዳ ነበረ። ከእርሱ ስምንት ዓመት ዘግይቶ ኤቲየን ዡል ማሬ የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ ሐኪም የወፍን በረራ ለመመርመር ሲሻ፣ ሰደፍና አፈሙዝ ያለው፣ ቃታም ያለው፣ ነገር ግን በጥይት ፋንታ በአንድ ሴኮንድ 12 ሥዕል የሚያነሣ «የፎቶግራፍ ጠመንጃ» ሠራ። በናፖሊ አጠገብ ባለችው በፖዚሊፖ ሰውየው ይህን ጠመንጃ ተሸክሞ ወደ ወፎች እያነጣጠረ ሲውል፣ ከወፎቹ ግን አንዲትም ሳትወድቅ ሲመለስ ያዩት የአገሩ ሰዎች ጅል ብለው ይጠሩት ነበር። እኔ ግን በታሪክ ውስጥ ከተሠሩት ጠመንጃዎች ሁሉ እንደዚህ የምወደው የለም፤ ወፊቱን ሳይገድል ክንፏን ለዓለም ያቆየ ጠመንጃ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1886 ዓ.ም. በፊዩሜ ከተማ፣ ማለት ዛሬ በክሮኤሺያ ሪየካ በምትባለው፣ ፔተር ዛልኸር ለሊቁ ለኤርንስት ማኽ ጥናት ሲል የሚበር ጥይትን በኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ብርሃን አነሣ፤ በዚያም ሥዕል ላይ መርከብ ስትሄድ ውሃው ከፊቷ እንደሚከፈል፣ አየሩ በጥይቱ አፍንጫ ፊት ሲከፈል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

እነዚህ አባቶቹ ናቸው። ሰውየው ደግሞ ሃሮልድ ኤጀርተን ይባላል።

ኤጀርተን በ1903 ዓ.ም. በአሜሪካ በነብራስካ ግዛት ተወልዶ ኦሮራ በምትባል ትንሽ ከተማ አደገ። ፎቶግራፍ ማንሣትን ያስተማረው አጎቱ ነው፤ ስለ ኤሌክትሪክ የተማረው ደግሞ ገና ተማሪ ሳለ በከተማው የመብራት ኩባንያ እየሠራ ነው። እነዚህ ሁለት እውቀቶች፣ ብርሃንና መብራት፣ በአንድ ሰው ውስጥ መገናኘታቸው ነው ኋላ ያን ሁሉ የወለደው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ማዕርግ ሲደክም ምርምሩ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር ነበረ፤ አንድ ቀን ከሜርኩሪ ቱቦው የሚወጣው ብልጭታ ከሞተሩ ዙረት ጋር እኩል ሲመታ፣ ያ በኃይል የሚሽከረከር ብረት ቀጥ ብሎ የቆመ መስሎ ታየው። ሌላ ሰው ይህን አይቶ ባለፈ ነበር። እርሱ ግን ሞተሩን ትቶ ብልጭታውን ተከተለ፤ በ1931 ዓ.ም. ማዕርጉን ተቀበለ፤ ስትሮብ የተባለውንም የሚደጋገም ብልጭታ አሻሽሎ ከላቦራቶሪ አውጥቶ ለፎቶግራፍ ሰጠው። ከዚያ በኋላ በዚያ ብርሃን ያላቆመው ነገር ጥቂት ነው፤ የቴኒስ ተጫዋችን ክንድ፣ የትንሿን ወፍ ክንፍ፣ በወተት ላይ የወደቀች ጠብታ እንደ ንጉሥ ዘውድ ሆና ስትነሣ። በ1940 ዓ.ም. ስለ ሥራው የተሠራው አጭር ፊልም፣ ስሙ ወደ እኛ ሲመለስ «ከቅጽበተ ዓይን የፈጠነ» የሚል፣ የአካዳሚ ሽልማት አገኘ።

ጥይትን የማቆም ጥበቡ ግን በልዩ ሊነገር ይገባዋል። ከጠመንጃ የወጣ ጥይት በሴኮንድ 850 ሜትር ያህል ይበራል። ካሜራው መዝጊያውን በሴኮንድ አንድ ሺኛ ቢከፍትና ቢዘጋ፣ ይህም ለብዙ ካሜራ ፈጣን ነው፣ በዚያች ጊዜ ጥይቱ 85 ሳንቲ ሜትር ሄዷል፤ በፊልሙ ላይ የሚቀረው እንደ ጭስ ያለ መሥመር ብቻ ነው። ስለዚህ ኤጀርተን ነገሩን ገለበጠው። መዝጊያውን ከማፍጠን ይልቅ ክፍሉን አጨለመ፤ በጨለማው ውስጥ ካሜራውን ከፍቶ ተወው፤ ጥይቱ ሲተኮስ ድምፁን የሚሰማ ማይክሮፎን ብልጭታውን እንዲያዘው አደረገ፤ ብልጭታው የሚቆየው ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ በመሆኑ ጥይቱ በብርሃኑ ውስጥ የሚጓዘው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጨለማው ዓይንን ከፈተው፤ ብርሃኑ ጊዜን ቆረጠው። እንዲህ ተደርጎ በ1964 ዓ.ም. ፖምን የበሳው ጥይት ሥዕል ተገኘ። በሰማያዊ ጀርባ ፊት ፖሙ ቆሟል፤ ጥይቱ አልፎ በአየር ላይ ተንሳፍፏል፤ የሚገርመው ግን የፖሙ ሥጋ ጥይቱ በወጣበት ብቻ ሳይሆን በገባበትም በኩል እንደ አበባ ፈንድቶ መታየቱ ነው። ይህን ከዚያ በፊት የሰው ዓይን አላየውም፤ ጥይት መቶ ዓመት ሲተኩስ የኖረ ወታደርም ቢሆን አላየውም። እርሱም ይህን ሥራ የሚያሳይበትን ንግግር፣ በተቋሙ ውስጥ የፖም ወጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምር ብሎ ሰየመው፤ ተማሪዎቹ እየሣቁ ገብተው በመደነቅ ይወጡ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ የመጫወቻ ካርታ፣ ያውም የንጉሥ ሥዕል ያለበትን፣ በጠርዙ አቁሞ በጥይት ለሁለት ሲሰነጠቅ አነሣው።

እነዚህን ሥዕሎች ሳይ ሁልጊዜ የማስበው አንድ ነገር አለ። በእነርሱ ውስጥ ጥይት አለ እንጂ ቍስል የለም፤ የሚሞት የለም። የተኩስ ውድድርም ያማረው ይህን በመምሰሉ ነው፤ ለመግደል የተሠራው ብረት በሰው ልጅ ተግሣጽ ወደ መለካት፣ ወደ መታገሥ፣ ወደ ጸጥታ ተመልሷል። ማሬ በወፏ ላይ ያደረገውን ኤጀርተን በጥይቱ ላይ አደረገ።

ሆኖም የሕይወቱን ሌላ ገጽ ብሸሽግ ለእርሱም ለእናንተም የማይገባ ይሆናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብልጭታውን በአውሮፕላን ሆድ ውስጥ አስገብቶ የጠላትን ምድር በሌሊት እንዲነሣ አደረገ፤ በ1944 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የጥንቱን የስቶንሄንጅን ድንጋዮች በሌሊት ከሰማይ አብርቶ ባነሣው ሥዕል ብርታቱን አሳየ፤ በኖርማንዲ የባሕር ዳር ወረራ ዋዜማም ጠላት በጨለማ ምን እንደሚያደርግ በእርሱ መብራት ታየ። ከጦርነቱ በኋላ ከተማሪዎቹ ከገርመስሃውዘንና ከግሪየር ጋር ባቋቋመው ድርጅት በኩል የአቶሚክ ቦምብ ሲፈነዳ የመጀመሪያዋን ቅጽበት፣ እሳቱ ገና እንደ እንቍላል ሳለ፣ የሚያነሣ ካሜራ ተሠራ። እነዚያን ሥዕሎች ያየ ሰው ይፈራል፤ እኔም ፈርቻለሁ። ነገር ግን ያን እሳት ሳያዩ ከመፍራት አይተው መፍራት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በባሕርም ሠርቷል፤ ከፈረንሳዊው የባሕር ተጓዥ ከዣክ ኩስቶ ጋር ሆኖ በጨለማው የባሕር ጥልቀት የሚያበሩ ካሜራዎችን ሠራ፤ በ1973 ዓ.ም. ከመቶ ዓመት በላይ በውቅያኖስ ሥር ጠፍታ የነበረችው ሞኒተር የተባለችው የጦር መርከብ ስትገኝም እርሱ በፍለጋው ነበረበት። የኩስቶ መርከበኞች «ፓፓ ፍላሽ» ብለው ሰየሙት። ይህ በእኛ «አባ ብልጭታ» ማለት ነው፤ የፈረስ ስም ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? አያቶቻችን ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መቻል እንዳሉ፣ እነዚያ መርከበኞችም ይህን አዛውንት በሥራው ጠሩት።

ሰዎች ለምን ወደዱት? ጥበቡን ስላደነቁ ብቻ አይደለም። አርቲስት ነህ ሲሉት አይቀበልም ነበር፤ መሐንዲስ ነኝ፣ የምፈልገውም እውነትን ነው ይል ነበር፤ ሥዕሎቹ ግን ገና በ1937 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተሰቅለው ነበር። ተማሪዎቹ ዶክተር የሚለውን ማዕርግ አሳጥረው «ዶክ» ይሉት ነበር። የላቦራቶሪው በር ክፍት ነበረ። ለሚመጣው ሁሉ፣ ሕፃንም ቢሆን ሽማግሌ፣ የፖሙ ወይም የወተቱ ጠብታ ሥዕል ያለበትን ፖስት ካርድ ከኪሱ እያወጣ ይሰጥ ነበር። የሴኮንድ ሚሊዮንኛን ለመያዝ ዕድሜውን የሰጠ ሰው፣ ለሰዎች ግን ሰዓቱን ሳይቈጥር ይሰጥ ነበር። እኔ ይህን ከፖሙ ሥዕል ይልቅ እወደዋለሁ።

በጥር 4 ቀን 1990 ዓ.ም. በዚያው ባስተማረበት ተቋም፣ በመምህራኑ ምሳ ቤት ለምሳ በተቀመጠበት፣ በ86 ዓመቱ በልብ ድካም ዐረፈ።

በለቅሶ ቤታችን የሟቹ ፎቶግራፍ ከፍ ተደርጎ በዘመድ እጅ ይያዛል፤ አልቃሾቹ ያን ሥዕል እያዩ ያነሡታል፤ ሥዕሉ ከሌለ ለቅሶው የሚጠጋበት ያጣል። ፎቶግራፍ አንሺ ሲሞት ግን ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ሣጥን ቢፈትሽ፣ የሌሎችን ሰዎች ፊት እልፍ አእላፍ አግኝቶ የእርሱን አያገኝም፤ ካሜራው ሁልጊዜ በእርሱና በሌሎች መካከል ነበረና። በየተኩስ ሜዳው ሲውሉ ኖረው ያረፉት ፎቶግራፍ አንሺዎች ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ያን የአያታችሁን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አውርዳችሁ ጀርባውን እንድትመለከቱ እለምናችኋለሁ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ወይም በቀለም የተጻፈ ስም ካለበት፣ ገልብጣችሁ ጻፉትና ለልጆቻችሁ ከአያታቸው ስምና ከፈረሱ ስም ጋር አብራችሁ ንገሩ።

ኤጀርተን ግን ሥዕል ብቻ ሳይሆን አንድ መተላለፊያ ትቶልናል። በተቋሙ አራተኛ ፎቅ ላይ በስትሮብ ስም የሚጠራ ኮሪደር አለ፤ ግድግዳው በሥዕሎቹ ተሞልቷል፤ ጎብኚ በገዛ እጁ የሚሞክራቸው መሣሪያዎችም በዚያ አሉ። እርሱ ከሠራቸው መጫወቻዎች አንዱ ውሃን በጠብታ በጠብታ ቆራርጦ ወደ ታች የሚያወርድና በስትሮብ የሚያበራው ነው። ብልጭታው ከጠብታዎቹ ጋር እኩል ሲመታ ውሃው በአየር ላይ እንደ ዶቃ ተሰክቶ ይቆማል። ልጆች በመሣሪያው ፊት ሆነው መቈጣጠሪያውን ጥቂት ወደ ፍጥነት ያዞሩታል፤ ያን ጊዜ እየወረደ ያለው ውሃ፣ ጠብታ በጠብታ፣ በዓይናቸው ፊት ወደ ላይ ይነሣል።